ለመንግሥት ሥራ ፈተና ሀገራዊ ጉዳዮችን ማጥናት፦ አሮጌ ማስታወሻ የሚያሳስትባቸው ነጥቦች

የክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ በጎንደር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ወሬው በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ ላሉ ምሩቃን የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ከደጋው የሚነሣ አመልካች ከደባርቅ እስከ ጎንደር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከገጠር ቀበሌው እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ለብቻው ነው። አንድ ጊዜ ለመመዝገብ፣ ሌላ ጊዜ ለመፈተን ይመላለሳል። የመጓጓዣው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ ከቤተሰቡ የገብስ ወይም የበግ ሽያጭ ይሸፈናል። ለእንዲህ ያለው ተፈታኝ የሚያመልጠው ጥያቄ ተራ ነጥብ አይደለም።

ይህ አመልካች በቦርሳው የሚይዘው የጥናት ወረቀት ብዙ ጊዜ ከታላላቆቹ የወረሰው፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ የደበዘዘ የጥያቄና መልስ ስብስብ ነው። "በኢትዮጵያ ስንት ክልሎች አሉ?" ለሚለው "9" ይላል። "ስንት ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል?" ለሚለውም እንዲሁ "9" ይላል። መልሶቹ በተጻፉበት ዘመን ትክክል ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሁለቱም ስሕተት ናቸው። በሀገራዊ ጉዳዮች ፈተና ብዙዎችን የሚጥለው አለማጥናት ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ያለፈበትን ነገር በትጋት ማጥናትም ነው።

የፈተናው ባሕርይ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥር በአንድ ማዕከላዊ ሥርዓት እንዲመራ የተሞከረው በ1954 ዓ.ም የመንግሥት ሠራተኞች ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በተቋቋመ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች ቅጥር በግልጽ ማስታወቂያና በውድድር እንዲፈጸም ይደነግጋሉ። ውድድሩ እንደ መደቡ ዓይነት የጽሑፍ፣ የቃል ወይም የተግባር ፈተናን ይይዛል።

የጽሑፍ ፈተናው ከተቋም ተቋም ይለያያል። አንዳንዱ በሙያው ብቻ ይወሰናል፤ ሌላው በሙያው ላይ ጠቅላላ ዕውቀት፣ ቋንቋ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሥነ ምግባርና ሀገራዊ ጉዳዮችን ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ፣ ግልጽ ያልሆነውንም በምዝገባ ጊዜ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሉን መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ለመመረቅ የሚያበቃ እንጂ ሥራ የሚያስቀጥር አይደለም። በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞችም ቢሆኑ ከፈተና ነፃ አይደሉም፤ በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነባር ሠራተኞቹንና አመራሮቹን በብቃት ምዘና ፈተና ማለፉ ይታወሳል። ሀገራዊ ጉዳዮችን ማወቅ አንድ ጊዜ ተፈትኖ የሚጣል ሸክም አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ሦስት ዓይነት ዕውቀት

ለፈተናው የሚጠናው ሁሉ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው የማይለወጠው ነው፤ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም መሆኑን የሚለውጥ ነገር አይኖርም። ሁለተኛው በሕግ ብቻ የሚለወጠው ነው፤ ሕገ መንግሥቱና አዋጆች እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው በየጊዜው የሚለወጠው ነው፤ የሹማምንት ስም፣ የክልሎች ቁጥር፣ የምንዛሪ ተመን፣ የታላላቅ ፕሮጀክቶች ደረጃ የዚህ ወገን ናቸው።

የመጀመሪያውን ከየትኛውም የታመነ መጽሐፍ ማጥናት ይቻላል። ሁለተኛውን ከሕጉ ጽሑፍ ራሱ ማንበብ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን ግን ከዜና በቀር ሌላ አስተማሪ የለውም። የአሮጌ ማስታወሻ ትልቁ ጉዳት ሦስቱን ደባልቆ እኩል እውነት አስመስሎ ማቅረቡ ነው።

ከሕገ መንግሥቱ መጀመር

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች አሉት። መካከለኛ አንባቢ በሁለት ሳምንት ደጋግሞ ሊያነበው የሚችል ሰነድ ነው። ተፈታኞች በብዛት የሚሳሳቱባቸው ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት ለ5 ዓመት ነው፤ ቁጥራቸው ከ550 አይበልጥም፤ ከእነዚህም ቢያንስ 20 መቀመጫዎች የተለየ ውክልና ለሚያስፈልጋቸው አናሳ ብሔረሰቦች ናቸው። የርዕሰ ብሔሩ የሥራ ዘመን ግን 6 ዓመት ነው፤ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም። አምስቱንና ስድስቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በብዙ አገሮች ይህ የፍርድ ቤት ሥራ ስለሆነ፣ "ጠቅላይ ፍርድ ቤት" የሚለው አማራጭ በፈተና ላይ ሲቀርብ ብዙዎችን ይስባል። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን በዚህ ሥራ የሚያግዘው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተደነገገው በአንቀጽ 93 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ የታወጀ አዋጅ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ ደግሞ በ15 ቀናት ውስጥ ይቀርብለታል። ተቀባይነት ካገኘ እስከ 6 ወር ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የያዘው አንቀጽ 25 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊታገዱ ከማይችሉት መካከል ናቸው።

ከዚህ ሌላ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት በአንቀጽ 11፣ የመንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት በአንቀጽ 12፣ መሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች ደግሞ በምዕራፍ 3 ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ይገኛሉ።

የተለወጡ መልሶች

ክልሎች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 የሚዘረዝረው 9 ክልሎችን ነው። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ ሰጥቶ በዚያው ዓመት ሰኔ 10ኛው ክልል ሆነ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም ተመሠረተ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ቀሪ አካል የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሆነ። በዚህም የክልሎች ቁጥር 12 ደርሷል፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ጥያቄው "በሕገ መንግሥቱ የተዘረዘሩት" የሚል ከሆነ መልሱ 9፣ "በአሁኑ ጊዜ ያሉት" የሚል ከሆነ 12 ነው። እዚህ ላይ ጥያቄውን ረጋ ብሎ ማንበብ ከማወቅ እኩል ዋጋ አለው።

ዞኖች። ለውጡ በቅርብም አለ። በአሮጌ ማስታወሻዎች "ሰሜን ጎንደር ዞን፣ ዋና ከተማው ጎንደር" የሚለው ዛሬ አይሠራም። ሰፊው የቀድሞ ዞን ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ተከፍሏል። የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ደባርቅ፣ የምዕራብ ጎንደር መቀመጫ ገንዳ ውኃ ነው።

ቅርሶች። በ2011 እ.ኤ.አ. የኮንሶ መልክዓ ምድር ሲመዘገብ የኢትዮጵያ የዓለም ቅርሶች 9 ደርሰው ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ መልካ ቁንጥሬና ባልጪት ተጨምረው 12 ሆነዋል። ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም አንድ እርማት ያስፈልጋል። ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። "በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ" የሚለው መልስ ጊዜው አልፎበታል።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ነው፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት፣ የሚይዘው የውኃ መጠን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አሮጌ ማስታወሻዎች 5,250፣ 6,000 ወይም 6,450 ሜጋ ዋት ሊሉ ይችላሉ፤ እነዚህ በግንባታው ወቅት ይነገሩ የነበሩ አኃዞች ናቸው።

ሕጎች። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን የተካ አዲስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም ጸድቋል። በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ረገድም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ ለክልል መሥሪያ ቤት የሚወዳደር ሰው የአማራ ክልልን አዋጅ ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

ኢኮኖሚና የውጭ ግንኙነት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ስለዚህ በማስታወሻ የተጻፈ ቋሚ ተመን መሸምደድ ትርጉም የለውም። ኢትዮጵያ የብሪክስ አባል የሆነችው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ነው።

የሕዝብ ቁጥር። ሀገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም ሲሆን የመጨረሻው ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የሚነገሩት አኃዞች ትንበያዎች ናቸው። ፈተናው "በመጨረሻው ቆጠራ" ካለና "በአሁኑ ግምት" ካለ የሚጠይቀው የተለያየ ነገር ነው።

ሹመት። ፕሬዚዳንት ታዬ አጽቀ ሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ሳህለ ወርቅ ዘውዴን ተክተዋል። የሚኒስትሮች ሹመት ከዚህም በፈጠነ ሁኔታ ስለሚቀያየር፣ የሹማምንት ስም በፈተናው ሳምንት እንደገና መታየት አለበት።

የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ቀን የሚጠይቁ ጥያቄዎች አንዳንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይመጣሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል።

ለዚህ ከሕገ መንግሥቱ የተሻለ ምሳሌ የለም። የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም፣ በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለቱም በአንድ ዓመት ናቸው፤ በአውሮፓውያን ግን የመጀመሪያው በ1994፣ ሁለተኛው በ1995 ይውላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም ስለሆነ፣ 8 ተደምሮ 1963 ይሆናል። ይህን አንድ ሥሌት የያዘ ሰው ዘመኑን ሁለት ጊዜ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሀገራዊ ጉዳይ በደጅ

የገጠር ልጅ ስለ ሀገራዊ ጉዳይ የሚያውቀው ከከተማ ልጅ ያነሰ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ከፈተናው ርዕሶች ብዙዎቹ በአካባቢው አሉ።

በአርሶ አደሩ ቤት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ማብራሪያ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ግን መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው፤ በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረትም የራሱ ነው። "የባለቤትነት መብት" እና "የይዞታ መብት" የሚለያዩበትን ነጥብ ከአባቱ ደብተር የተማረ ተፈታኝ በቀላሉ አይሳሳትም።

ታሪኩም እንዲሁ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም (በ1636 እ.ኤ.አ.) መናገሻ አደረጓት፤ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም የነገሡት በሰሜን በደረስጌ ማርያም ነው፤ የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ የሚነገረው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። ለጃናሞራ ልጅ ይህ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ደብር ታሪክ ነው።

በመልክዓ ምድር ረገድ ራስ ደጀን የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ነው። ከፍታው በአሮጌ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ይገኛል፤ በኋላ በወጡት ግን 4,550 ወይም 4,533 ሜትር ተብሏል። ስለዚህ ከምርጫዎቹ መካከል ለእነዚህ አዳዲስ ልኬቶች የሚቀርበውን መፈለግ ይሻላል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በየትም ዓለም በተፈጥሮ የማይገኝ እንስሳ ነው። ጎንደር በድምቀት የምታከብረው ጥምቀት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

የስድስት ሳምንት ዝግጅት

ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ዝግጅቱ አስቀድሞ ቢጀመር ይመረጣል። ስድስት ሳምንት ያለው ሰው ጊዜውን እንዲህ ሊከፍለው ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለሕገ መንግሥቱ ይሁኑ። ሦስተኛው ሳምንት ለመንግሥት ሠራተኞች ሕግና ለሥነ ምግባር መርሆዎች ይዋል፤ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነትና አርአያ መሆን በ12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ውስጥ ይገኛሉ። አራተኛው ለታሪክና ለመልክዓ ምድር፣ አምስተኛው ለወቅታዊ ጉዳዮች ይሰጥ። በስድስተኛው ሳምንት አዲስ ነገር አይጀመርም፤ ሰዓት ይዞ ራስን መፈተን ብቻ ነው።

ለወቅታዊ ጉዳዮች የሚበጀው አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ ከፍሎ መያዝ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ መልሱ፣ በሁለተኛው መልሱ ከመቼ ጀምሮ እውነት እንደሆነ፣ በሦስተኛው ከየት እንደተገኘ ይጻፋል። "12 ክልሎች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ፤ ከዜና" ብሎ የጻፈ ሰው፣ ነገሩ ነገ ቢለወጥ የቱን መስመር እንደሚያርም ያውቃል። አሮጌው ፎቶ ኮፒ ያሳሳተው ይህ ሁለተኛ ዓምድ ስለሌለው ነው።

የኢንተርኔት አገልግሎት በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ደጋ፣ የምሽት የሬዲዮ ዜና አዳምጦ ሦስት ነጥብ መመዝገብ በስድስት ሳምንት ከ120 በላይ ነጥቦች ይሰጣል። ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት "በኩር" እና "አዲስ ዘመን" ጋዜጦችን ማገላበጥ ይችላል። ሦስት ወይም አራት ሆኖ ማጥናትም ይረዳል። በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪው የያዘውን ቀለም ከመምህሩ ፊት በቃሉ ካላሰማ እንዳወቀ እንደማይቆጠር ሁሉ፣ ለጓደኛ በቃል ማስረዳት ያልተቻለ ርዕስ ገና አልተጠናም ማለት ነው።

የፈተናው ዕለትና ከዚያ በኋላ

ከሩቅ የሚመጣ ተፈታኝ ከዋዜማው ቀን በፊት ከተማ ቢገባ፣ የመንገድ መዘግየት ፈተናውን አያሳጣውም። መታወቂያ፣ የምዝገባ ማስረጃና እስክሪብቶ ማታ ተዘጋጅተው ይደሩ። የጥያቄ ወረቀቱ ሲሰጥ መመሪያው ይነበብ፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚያስቀንስ ካልሆነ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። "ያልሆነው"፣ "በስተቀር"፣ "በመጀመሪያ" እና "በአሁኑ ጊዜ" የሚሉ ቃላት ይሰመርባቸው።

የፈተና መልስ አለን ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎችን ማመን አይገባም። እንዲህ ያለው ግዢ ቤተሰብ በስንት ድካም ያጠራቀመውን ገንዘብ ከማስበላቱም በላይ፣ ከውድድር የሚያሰርዝና በሕግ የሚያስጠይቅ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ያቅርብ፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ስለሚሆን ውጤት የሚለጠፍበትን ቀን መከታተል ያስፈልጋል።

ላለፈም ለወደቀም ግን ደብተሩ አይጣል። ዘንድሮ ያልተሳካለት በሚቀጥለው ማስታወቂያ ያርመዋል፤ ያለፈውም ለታናሹ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ታናሹ ከመልሱ ጋር መልሱ የተጻፈበትን ቀን አብሮ ያገኛል።